ያሬድ ነኝ እያልኩ የላክኋቸው ካሴቶች

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ምድር ቤት ካሉት ልብስ ማጠቢያዎች ግማሾቹ እንደገና ተበላሽተዋል። ተራ ጠብቄ አጠብኩ። እማዬ አዳር ሠርታ መጥታ ተኝታለች። ዩኒፎርሟን አጣጠፍኩ። ሩዝ ቀቀልኩ፣ አረረ። ሌላ ምን?

የያሬድን ካርቶኖች ከአልጋው ሥር አወጣኋቸው። ኬዙ፣ ማዘርቦርዱ፣ ትልቁ ሃርድ ዲስክ… ሁሉም እንደታሸጉ ናቸው። ከቲቪው ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር ሊሠራ ነበር የገዛቸው። የአባባን የቪዲዮ ካሴቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ሊገለብጥ። ዕቃው በጁላይ ተገዛ። በኦገስት መኪናው ሀይዌይ ላይ ተገለበጠ። ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

እንዲህ ስጽፈው ዜና ይመስላል።

ካርቶኖቹን መልሼ አስገባኋቸው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ከቸርች መልስ አባባ ደወሉ። አያቴ፣ የእማዬ አባት። አዲስ አበባ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ። እዚህ ካናዳ ተወልጄ አማርኛ መጻፍ የቻልኩት በሳቸው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ፊደል አስቆጥረውኛል። የልብ ሕክምና አድርገው ገና እያገገሙ ነው። ስለ ያሬድ አልተነገራቸውም።

እማዬ ስልኩን ስታነሳ ድምጿ የሌላ ሰው ይሆናል። «አለን አባባ! ደኅና ነን! ያሬድማ ሰሜን ነው፣ ማዕድን ማውጫው ጋ፣ ኔትወርክ የለም እኮ!» ስትዘጋው ግድግዳ ይዛ ነው የምትቀመጠው።

ዛሬ ግን ጥያቄ መጣ። «ካሴቶቼስ? ቃል ገብቶልኝ አልነበረም እንዴ?»

እማዬ አየችኝ። «እየሠራቸው ነው አባባ። ለእረፍት ሲመጣ።»

ከዘጋች በኋላ… «አንተ ትችላለህ አይደል?»

«በሱ ስም?»

«እስኪጠነክሩ ነው፣ ይሁዳ። እስኪነገራቸው።»

እትዬ ኤልፍነሽ እዚያው ነበሩ። ፎቃችን ላይ ነው የሚኖሩት፤ ከቀብሩ ወዲህ ከቤታችን አልጠፉም። «መርዶ በስልክ አይነገርም ልጄ» አሉኝ። «የራሳቸው ሰዎች ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ነው። ብቻቸውን ሰምተው ቢወድቁስ? በማን እጅ?»

እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ዮኒ መጣ። የያሬድ ጓደኛ፣ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ። ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጠን ኮምፒውተሩን ገጣጠምነው። ስናበራው… ምንም። ጸጥ።

«ብሮ፣ ሞ…» አለና ቃሉን ዋጠው።

እንደገና ፈታን። ሁለታችንም የፕሮሰሰሩን የኃይል ገመድ ረስተነው ኖሯል። ዮኒ ጀርባውን ሶፋው ላይ ጥሎ ሳቀ። «ያሬድ ቢያየን እስከ ገና ነበር የሚቀልድብን።» ገመዱን ሰክተን አበራነው። ፋኑ ብቻ ሲዞር ይሰማል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ትምህርት የለም፣ ታንክስጊቪንግ ነው፣ የካናዳ የምስጋና በዓል። የመጀመሪያውን ካሴት ጀመርኩ።

እነዚህ ካሴቶች አባባ ድሮ እሑድ እሑድ ከቴሌቪዥን የቀዷቸው ናቸው። የበዓል ዝግጅት፣ ድራማ፣ የልጆች ፕሮግራም፣ ጥያቄና መልስ። እማዬ ያሬድን በአራት ዓመቱ ይዛ ስትመጣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ሰጧት፤ ልጁ አማርኛ እንዳይጠፋበት። እዚህ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ ውስጥ ሲከተቱ ግን መስመር ብቻ። የሚንከባለል ጥቁርና ነጭ መስመር። እማዬ የኤርፖርቱ መፈተሻ አቃጠላቸው ብላ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ሃያ ዓመት! ምንም አልሆኑም ነበር። የኢትዮጵያና የካናዳ ቴሌቪዥን አሠራሩ የተለያየ ነው፣ በቃ። የደረሰበት ያሬድ ነው። ሁለቱንም የሚያነብ አሮጌ ዴክ ፈልጎ አገኘ።

ማፍጠን አይቻልም። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቁጭ።

እማዬ ወደ ሺፍቷ ልትወጣ ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ልጆች ቢጫ አበባ ይዘው ያጨበጭባሉ።

«ቀለም አለው» አለች።

ቆማ ስታይ አውቶቡስ አመለጣት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ራኬብ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከአባባ ጋር ነው የምትኖረው። እሷ ታውቃለች። የአባባን ቲቪ አስተካከለችልኝ፤ እኛ ኮምፒውተር ውስጥ የገባውን እዚያ ሆነው ከፍተው ማየት ይችላሉ።

ከያሬድ ስልክ ጻፍኩ። «አባባ፣ የመጀመሪያው ካሴት ገብቷል። ያሬድ።»

በድምፅ መለሱ። «ያሬድ! ተባረክ! ስማ፣ ማዕድን ማውጫ ውስጥ አማርኛ ያስተምራሉ እንዴ? ድሮ በፈረንጅ ፊደል አልነበር የምትጽፍልኝ?» ከዚያ ሳቃቸው።

ይሄን እንዴት ረሳሁት?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

አምስተኛው ካሴት። ሻጋታ አለው። ፊዚክስ ወደቅኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። አስተማሪዋ ደኅና ነህ ወይ አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኩ። እትዬ ኤልፍነሽ በኤለቬተር ውስጥ ደኅና ነህ አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ይሄን መልስ ከማን ነው የወረስኩት? ከእማዬ ስልክ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

የአባባ መልእክት፣ ለያሬድ። «ልጄ፣ ካሴቱ ደርሶኛል። ግን አንድ ቀን ደውልልኝ። ድምፅህን ልስማ። ተራራ ላይ ወጥተህም ቢሆን።»

ደጋግሜ ሰማሁት። «እሺ አባባ» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ካሴት በላክሁ ቁጥር እዚያ አባባ ዘንድ ያሬድ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይበርደዋል። እዚህ አልጋው ባዶ ነው። የትኛው ቤት ነው የምኖረው? አንዳንዴ ዴክ ፊት ቁጭ ብዬ፣ አሁን ሰሜን ነው ያለው ብዬ አስባለሁ። እኔው የዋሸሁትን እኔው…

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ተወሰነ። የአባባ ሐኪም ጠንክረዋል ብሏል። የቸርቻቸው ሽማግሌዎች የፊታችን ቅዳሜ በማለዳ ሄደው ይነግሯቸዋል። ራኬብ መድኃኒታቸውን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። እማዬ «እስከዚያ አፋችንን እንጠብቅ» አለች። እንደሚጠበቅ ዕቃ።

ሌላ ካሴት አልልክም አልኳት። «አይ፣ ከቆመ ይጠረጥራሉ» አለች። ላክሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ዮኒ ፍላሽ አመጣ። የቸርቹ ልጆች የያሬድን ሽኝት ቀርጸውት ኖሯል፤ ከአዳራሹ እስከ መቃብሩ። «ፍላሽ ይጠፋል ብሮ። እዚያ ትልቁ ዲስክ ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ቀን ታዩታላችሁ።»

ገለበጥኩት። አልከፈትኩትም። ያን ቀን ከኋላ ቆሜ ጫማዬን ነው ያየሁት። ደግሞ ማየት አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት። ኮምፒውተሩ ማን ምን እያየ እንደሆነ ስልኬ ላይ ያሳየኛል። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አየዋለሁ፤ አዲስ አበባ ምሽት ነው፣ አባባ አዲስ የገባ ነገር ካለ ይከፍታሉ። ዛሬም ከፍተዋል። ርዕሱ፦ የያሬድ ሽኝት።

ኮምፒውተሩ ዲስኩ ላይ ያገኘውን ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ይሰበስባል። አዲሱን ከላይ ይደረድራል። እንዲህ አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እኔው! ትናንት ስገለብጠው ለምን ትዝ አላለኝም?

አቋረጥኩት። ለራኬብ «አሁኑኑ ቤት ሂጂ፣ አይተዋል» ብዬ ላክሁላት። ከጂሙ ጎን ያለው ደረጃ ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

ወዲያው ተነሳ።

«ይሁዳ።»

«አቤት አባባ።»

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ። አባባ፣ ይቀመጡ እባክዎን፣ ራኬብ እየመጣች…»

«ተቀምጫለሁ። መልሰው።»

«አባባ፣ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ…»

«ሣጥኑ ገና አልወረደም» አሉ። «እናንተ ቀብራችሁታል። እኔ ገና ነኝ። መልሰው፣ ልቅበረው።»

መለስኩት።

ስልኩን አልዘጉም። ዝማሬው ከሳቸው ሳሎን በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። እዚህ ከተማ የተዘመረው፣ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ። ሲተነፍሱም ይሰማኛል።

«እናትህ ያንን ኮት ከየት አመጣችው?»

«የእትዬ ኤልፍነሽ ነው።»

«ሰፍቷታል።» ከዚያ ቆይተው፣ «አንተ የት ነህ? አትታየኝም።»

«ከኋላ ነኝ አባባ። ከዮኒ ጎን።»

«እ… አየሁህ። አደግህ እኮ።»

አፈር መመለስ ሲጀመር በስልኩ ሰማሁ። አባባ «ልጄ» አሉ፣ አንዴ፣ ዝቅ ብለው። ከዚያ ያ ድምፅ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔም ደረጃው ላይ… ልጆች እያለፉ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም። በኦገስት ያላለቀስኩትን።

ራኬብ በሩን ስትከፍት ሰማሁ። «አባባ! አባባዬ!» እያለች መጣች። እጃቸውን የያዘች መሰለኝ።

ከመዝጋታቸው በፊት፣ «እነዚያ መልእክቶችስ? ማን ነበር የሚጽፍልኝ?»

«እኔ።»

«ለሱ ያልኩትን ሁሉ ትሰማው ነበር?»

«አዎ።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አይ ልጄን» አሉ። «ከብዶህ ነበራ።»

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ለእማዬ የነገርኳት ትናንት ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ነው። «በቴሌቪዥን!» አለች። «ለአባቴ መርዶ በቴሌቪዥን! ምን አደረግሁህ ይሁዳ?» እትዬ ኤልፍነሽ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቆሙ። አባባ ብቻቸውን ቢወድቁ ኖሮ… ይሄን እስክሞት አስበዋለሁ።

እማዬ ስልኩን አነሳች። ያንን የደስ ደስ ድምፅ አውጥታ ልትጀምር አፏን ከፈተች። አልመጣላትም። «አባዬ» አለች፣ በራሷ ድምፅ። ከዚያ ወለሉ ላይ።

ሥራ አልሄደችም። አባቷ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ስልኩ መሐላቸው ላይ እንደተከፈተ፣ አለቀሱ። እትዬ ኤልፍነሽ ጎኗ ተቀምጠው ቆይተው ነጠላቸውን አወለቁና አለበሷት። ከወለሉ ግን አላስነሷትም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ራኬብ ጻፈችልኝ። ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ነበር፤ አባባ እንዳወቁ ነግራቸዋለች፣ እነሱ ግን ቀጠሮው ቀጠሮ ነው ብለዋል። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ሳሎን ጠብቀዋቸዋል። «ግቡ» ብለዋቸዋል፣ «የመጣችሁበትን ተናገሩ። እኔም እንዳልሰማ ሰው ልስማው።» ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ተነገራቸው። እንደገና አለቀሱ። ጎረቤት ገባ፣ ወንበር ተሰበሰበ።

ለያሬድ በስንት ቦታ ተለቀሰ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

በረዶ ጥሏል። አባባ ጠዋት ደወሉ። እማዬ ስለ ጉልበቷ አወራቻቸው፣ ስለ ሺፍቷ፣ ሌሊት ሌሊት የያሬድን ጃኬት እንደምታሸት። ከዚህ በፊት ይሄን ለማንም ስትናገር አልሰማሁም። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ካሴቱስ፣ ይሁዳ?» ስሜን ጠርተው።

«ያልተገለበጡ አሉ። ዛሬ ግን አልሠራሁም።»

«ምነው?»

ደኅና ነኝ ልል ነበር። «ደክሞኛል አባባ» አልኩ። ስለው እንባዬ መጣ። ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?

«ይደክምህ እንጂ!» አሉ። «በል ዴኩን አጥፋና ተኛ። ካሴት አይርበው፣ አይጠማው።»

አጠፋሁት። ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። ሕልም የለም፣ ምንም የለም።

ስነቃ ከሰዓት ሆኗል። ብርድ ልብስ ተደርቦልኛል። ኮሪደሩ ላይ እማዬ በስልክ ታወራለች፣ ሹክሹክታ ነው። አባባ ሳይተኙ መልሰው ደውለዋል።

«ተኝቷል አባዬ። አዎ፣ እስካሁን። አይ፣ አልቀሰቅሰውም።»

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።