ጉባኤው አሜን ያለበት ጉዞ

ዓርብ፣ ግንቦት 5

ተቀበሉኝ። ኢሜይሉን ያነበብኩት ኢንተርኔት ቤት ቆሜ ነው፤ ወንበር አልነበረም። ኳላላምፑር፣ ሶፍትዌር ኢንጂነር፣ ለሁለት ዓመት። እስከ ማክሰኞ መልስሽን አሳውቂን ይላል። ቃለ መጠይቁን ግማሹን «ይሰማል?» እያልኩ ነው የጨረስኩት፤ ምኔን እንደወደዱ እንጃ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ኢሜይሉን ዘግቼ ወጣሁ።

ከምሳ በኋላ ቢሮ ገባሁ። ለሠራተኞች መረጃ የሠራሁት ሲስተም ያለበት ኮምፒውተር እንደተለመደው ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አቧራ እንዳይገባበት ነው አሉ። ለማልበስ የተጉትን ያህል ለመክፈት ቢተጉ የት በደረስን ነበር። የዓመት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ፋይሉ ከሸልፍ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ኃላፊዬ አቶ ዳና ግን «ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀምሯል» ብሎ ለበላይ ሪፖርት ካደረገ ቆይቷል። ተጨብጭቦለታልም።

ማታ ለአባዬና ለእናቴ ነገርኳቸው። ገና አልወሰንኩም፣ ለማንም እንዳትናገሩ አልኩ። እናቴ እሺ አለች። አባዬ ሬዲዮውን አጠፋ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

ለመሄድ፦ እዚያ የጻፍኩትን ኮድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አለ። ስህተቴን የሚነግረኝ አለ። አቶ ዳና የለም።

ላለመሄድ፦ የአባዬ ሳል። የእናቴ ጉልበት። ብቻዬን ምግብ በልቼ አላውቅም። አንድ ልጃቸው ነኝ።

እውነቱን ልጻፍ። ከሁለቱ አንዳቸው «ቅሪ» ቢሉኝ እቀራለሁ። ጠዋት ሁለቱም ስለ በቆሎው አረም ሲያወሩ አረፈዱ።

እናቴ ከሴቶች ጸሎት ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ጠረጠርኩ። ለሰው ነገርሽ ወይ ብላት ተቆጣች። «ለማንም አልነገርኩም። ለጸሎት ርዕስ ብቻ ነው ያቀረብኩት» አለች። እናቴ አትዋሽም። እኛ ዘንድ ለሰው መንገር ሌላ፣ ለጸሎት ማቅረብ ሌላ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 7

የፈራሁት ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ከማስታወቂያው በኋላ የጉባኤው ሽማግሌ ስሜን ጠሩ። እህታችን ለሥራ ወደ ማሌዥያ ስለምትሄድ ጸልየን እንሸኛታለን አሉ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ጥያቄዬ ከሴቶች ጸሎት እስከ መድረክ ሲደርስ «ትሄዳለች» ሆኗል። ወደ ፊት ወጣሁ፣ ምን ላድርግ። እጅ ተጫነብኝ። በወላይትኛም በአማርኛም ተጸለየ፤ ጉባኤው አሜን ሲል ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እናቴ አለቀሰች። አቶ ዳና ሁለተኛው መደዳ ላይ ሆኖ ከሁሉ ከፍ አድርጎ አሜን አለ።

ከሰዓት አክስቴ ከጉኑኖ ድረስ መጣች፤ ወሬው በምን እንደደረሳት አላውቅም። ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ወደ ጓዳ ወሰደችኝና የምሠራላት ሴትዮ ብትቆጣ መልስ እንዳልሰጥ፣ ፓስፖርቴንም እንዳላስነጥቅ መከረችኝ። ማሌዥያ ዓረብ አገር አይደለም፣ ሥራዬም የቢሮ ነው አልኳት። «እሱማ ሁሉም ሲሄዱ እንደዚያ ነው የሚባሉት» አለች። ስንት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 8

የአንድ ለአምስት ስብሰባ። አጀንዳው ሌላ ነበር፤ እኔ ሆንኩ። ልሄድበት ከነበረው የሐዋሳ ሥልጠና ስሜ ተሰርዞ የአቶ ዳና ዘመድ ገብቷል። ልቧ ውጭ የሄደ ሠራተኛ ላይ የመንግሥት ሀብት ማባከን ኪራይ ሰብሳቢነት ነው ተባለ። ይህን ያለኝ ትናንት እጁን ዘርግቶ የባረከኝ ሰው ነው።

አልወሰንኩም፣ ገና እያሰብኩ ነው አልኩ። ሳቁ።

«ጉባኤ አሜን ካለ በኋላ ምን የሚታሰብ ነገር አለ?» አለኝ አቶ ዳና።

ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ያለው እውነት መሆኑ ነው። ከተማው በሙሉ ሸኝቶኛል። አሁን ብቀር ሰው የሚያስበው ሳይሳካልኝ መቅረቱን ነው። ቤት ስገባ እናቴ ሻንጣ ተውሳ አምጥታለች። ማንም ቅሪ አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ጠዋት ከኢንተርኔት ቤቱ ላክሁ። እመጣለሁ፣ አመሰግናለሁ። መብራት ሳይጠፋ ብዬ ደግሜ እንኳ አላነበብኩትም። ስወጣ ደስታም አልነበረኝም፣ ሐዘንም። ቀለል አለኝ ብቻ።

ማምሻውን ዝናቡ ሲያባራ አባዬ ጓሮ እንሰቱ ጋ ጠራኝ። ቆቡን አውልቆ ያዘ። እሑድ ሰው ሁሉ አሜን ሲል እሱ እንዳላለ ነገረኝ። ከዓርብ ጀምሮ የሚጸልየው እንድቀር ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ስጠይቀው፣ «በእግዚአብሔር ቤት የተጸለየውን እኔ ማን ነኝና ላፍርስ? ደግሞ አንቺ ደስ ያለሽ መሰለኝ» አለ።

ዛሬ ጠዋት እሺ ብዬ መላኬን ነገርኩት። መልሶ መሻር አይቻልም ወይ አለኝ። ይቻላል፣ ሁለት መስመር መጻፍ ነው አልኩት። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። አፉ ላይ ስትደርስ አይቻታለሁ።

ቆቡን አጠለቀ።

«ሹራብ ያዢ» አለኝ።

እዚያ ብርድ እንደሌለ አልነገርኩትም።