በሞተችው እህቴ ስም

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የኦሪገን ዝናብ አሁንም እንደያዘ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም እግሯ እምቢ አላት እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። በጎቹ መውለድ ስለጀመሩ ባሌ ላቫር ከበረት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በረት ነው። ከሁሉ በላይ ግን እንኳን አንቺን በሕይወት አቆየልኝ። ይህን ያልኩት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሚካሊስ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ሸሽጎ አቆየልኝ። የዚያ ግሪክ ቡና ቤት ባይኖር ምን ይውጠን ነበር! እኛ ሞርሞኖች ቡና ስለማንጠጣ ከሰፈራችን ሰው ደጁን የሚረግጥ የለም፤ እኔም የምገባው በጓሮ በር፣ እንቁላል ለማስረከብ ነው። «እህትሽ ዘንድሮ ወሬ በዝቶባታል፣ ፖስታው ወፍሯል» ብሎ ሳቀብኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ እንደ ልማድሽ «የቤቴ ቁልፍ ከአበባው ሸክላ ስር ነው» ብለሻል። ላቫር ስምሽ በቤቱ እንዳይነሳ ከከለከለ ጀምሮ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሳትጽፊ የቀረሽበት ደብዳቤ የለም። እኔም አንብቤ ስቄ ምድጃ ውስጥ እጨምራታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው ወር እማዬ «ሙታኖቻችን ደጅ ቆመው እየጠበቁ ነው፣ እኔ እግር የለኝም፣ አንቺ ሂጂላቸው» አለችኝ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በልጅነታችን ስንት ጊዜ አብረን ገብተናል። ሳይጠመቅ ለሞተ ዘመድ ሕያው ሰው በስሙ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጠመቅለታል። እማዬ የዴንማርክ አክስቶቿን ስም ስትለቅም ነው ያረጀችው። ስማቸውን ራሷ ልካ ስለነበር እኔ ማን ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ሄድኩና ነጩን ቀሚስ ለብሼ ወረድኩ። ያ ገንዳ፣ ያው የድንጋይ በሬዎች የተሸከሙት፣ ምንም አልተለወጠም። አጥማቂው አንድ ደግ ሽማግሌ ነበር፤ አንጓዬን ይዞ ስሙን እየጠራ ያጠልቀኛል። ለካረን ገባሁ። ለሜታ ገባሁ። ለኢንገር ገባሁ። ከዚያ «በሞተችው በ...» አለና ስምሽን ጠራው። ሙሉውን፣ አባታችን ያወጣልሽን።

አፌን ስከፍት ውኃው ቀደመኝ።

ስወጣ ከዳር የቆመው ምስክር እጁን አነሳ፤ «የእግሯ ጣት ወጥቷል፣ ይደገም» አለ። ሰው ሙሉ በሙሉ ካልሰጠመ አይቆጠርም አይደል? ድሮም አንቺ በአንድ ጊዜ የምትሸነፊ አልነበርሽም! ሽማግሌው እስኪያስተካክለኝ ድረስ ትንሽ ፋታ ነበረኝ። «በሕይወት አለች» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን በምን አወቅሽ ቢሉኝስ? እንቁላሉ፣ ሚካሊስ፣ ያ ሁሉ ዓመት የተጻጻፍነው ሁሉ ሊወጣ ነው። አፍንጫዬን ይዤ ጉልበቴን አጠፍኩለት። እሱም ስምሽን ደግሞ ጠርቶ አሰጠመኝ። በገዛ ጉልበቴ፣ በነጭ ቀሚስ፣ ሁለት ጊዜ ገደልኩሽ። አፍሬአለሁ፤ ከማፈሬም በላይ ተናድጃለሁ።

እቤት ስደርስ እማዬ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ጮህኩባት። «እማዬ ምን ነካሽ? በሕይወት አለች እኮ!»

«እሱን መቼ አጣሁት» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «እንቁላል አድርሰሽ በተመለስሽ ቁጥር ፊትሽ ይነግረኛል።»

«ታዲያ ለምን ገደልሻት?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሕያዋኑ ናቸው በር የዘጉባት። ሦስት ወንዶች ለፍርድ ቁጭ ብለው አወገዟት፣ ጥምቀቷን ሰረዙት፣ አንዱም ባልሽ ነው። የሙታኑ በር ላይ ግን የሚከራከር የለም። ስምሽ ማን ነው፣ መቼ ተወለድሽ፣ አለቀ። እስክትሞት ልጠብቅ? እኔ አይደለሁ ቀድሜ የምሄደው? እዚያ ደርሼ ከባዶ ወንበሯ ጎን ልቀመጥልሽ?» አለችኝ። ውሸት አይደለም ወይ ብላት «ያታለልኩት ጸሐፊዎቹን ነው፤ እግዜር እንደሆነ አድራሻዋን ያውቃል» ብላ ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

እህቴ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ነገርሽ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ከዴንማርክ የስብከት ተልእኮሽ የተመለስሽ ሰሞን በጾሙ እሑድ መድረኩ ላይ የወጣሽው። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሳ «እውነት እንደሆነ አውቃለሁ» ሲል፣ አንቺ «የማላውቀውን አውቃለሁ እያልኩ የሰው በር ሳንኳኳ ከረምኩ፣ ያመኑኝን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልሽ። እኔ ያን ጊዜ የተናደድኩብሽ በማፈሬ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀድመሽኝ ስለተናገርሽው ነው።

ዋናው ነገር ግን ገና ነው። የቤተ መቅደስ መግቢያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎ ባለፈው እሑድ ለጥያቄው ገባሁ። ጠያቂው ማን ይሁን? ላቫር ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ ወዲህ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? ጠዋት «ያቺ ካልሲዬ የት ገባች?» እያለ ቤቱን ሲያተራምስ የነበረው ሰውዬ፣ ከሰዓት ክራቫቱን አስሮ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ «እኅት ዮርገንሰን፣ ይግቡ» አለኝ። ሳቄ መጣ። እጅጌው የበግ ጠጉር ይዟል።

ጥያቄዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። ታምኛለሽ ወይ፣ ትጾሚያለሽ ወይ፣ አሥራት ታወጫለሽ ወይ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ከዚያ ደረሰ፤ ከከሃዲዎች ጋር ኅብረት አለሽ ወይ፣ ልብሽስ ወደ እነሱ ያዘነብላል ወይ አለኝ። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ «የለኝም» ብዬ እንደወጣሁ አትጠይቂኝ። አሁን ግን ያ ውኃ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

«የሚጠይቀኝ ባሌ ነው ወይስ ኤጲስ ቆጶሱ?» አልኩት።

«እዚህ ወንበር ላይ ባል የለም።»

«እንግዲያውስ ለባሌ ንገርልኝ፤ እህቴን እወዳታለሁ፣ በሕይወትም አለች።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። «አልሰማሁሽም» አለኝ። «በሚመጣው እሑድ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ያኔ በፈጠረሽ አምላክ፣ የለኝም በዪ። አለኝ ካልሽ ግን ሦስታችን ልንቀመጥብሽ ነው፣ አንዱም እኔ ነኝ። እኔና አንቺ እኮ በቤተ መቅደስ ለዘላለም ነው የተሳሰርነው! በገዛ እጅህ ፍታው ነው የምትዪኝ?»

ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ክፉ አይደለም። በዚያው ቀን ማታ በረት ሄጄ ሳየው የሞተ ግልገል ታቅፎ ያለቅሳል፤ ለግልገሉ ብቻ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። አጠገቡ ቆሜ ትከሻውን ልይዘው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ምን እለዋለሁ? የለኝም ካልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ገደልኩሽ ማለት ነው፣ በዚህኛው ደግሞ ውኃ የለም ሽማግሌ የለም፣ በገዛ አፌ ነው። አለኝ ካልኩ እሱ በገዛ እጁ ሊያወግዘኝ ነው፤ ይኸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚድን አይመስለኝም። እዚሁ እየኖርኩ ዝም እንዳልል ደግሞ እሑድ ይመጣል። ከአንገቴ በላይ መዝሙር እየዘመርኩ፣ ከአንገቴ በታች የታፈንኩ ሰው ነኝ።

ትናንት ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ሰማችኝና «ኦሪገን ዝናብ ይበዛል ይላሉ፣ ያ ወፍራሙ ካፖርትሽ ቁልፉ ተሰፍቷል?» አለችኝ። አልተሰፋም አልኳት። አምጪው ብላ ራሷ ሰፋችው፣ በዚያ ዓይኗ። «ለእኔ ደግሞ አታስቢ፤ ላቫር ሾርባ ያሞቅልኛል። ለበግ የሚያለቅስ ሰው አሮጊት አይጥልም። አንቺ ከሌለሽ እሱም እሑድ የሚጠይቀው፣ የሚያወግዘውም ሰው የለም» አለች።

ከዚያ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣ ካፖርቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ መነጽሯን እየጠረገች ጠየቀችኝ። «የተወለድሽበት ቀን አይጠፋኝም፤ በረዶ ይጥል ነበር፣ አባትሽ መንገድ ላይ ቀርቶብኝ ነበር። ዓመቱ ነው የሚምታታብኝ። ስንት ነበር ያልሽኝ?»

ነገርኳት። እሷም የዴንማርክ አክስቶቿን ዓመት እንደምትይዘው በከንፈሯ ደገመችው፣ እንዳይጠፋባት።

እንግዲህ እህቴ ሆይ፣ ወገብሽን ጠብቂ፣ ከባድ አታንሺ። ለእማዬ ጸልዪላት፤ መጸለይ ትቻለሁ ብትዪም ለእሷ ስትዪ ጸልዪ። ለላቫርም ጨምሪለት። የአባታችን አምላክ ዝናቡን ያብርድልሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ዕድሜሽን ከተጻፈልሽ በላይ ያርዝመው። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትላኪ፤ ሚካሊስንም አታስቸግሪው፣ አውቶቡሱ ከደጁ እንደሚቆም ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያቺን ቁልፍ ብቻ ከሸክላው ስር አታንሺያት።

ሁለት ጊዜ ስለ አንቺ የሰጠመችው ታናሽ እህትሽ