ሥራ የለንም ብለን ነበር

ሰኞ

ለካ ሞኝነትም በደቦ ይሠራል። ዛሬ ለወረዳ ምክር ቤት የሚወዳደረው ይበልጣል የሚባል ወጣት መዝገብ ይዞ ቢቸና እህል ተራ መጣ። ሥራ ያለውንና የሌለውን እየጠየቀ ይጽፋል። እኛ ጤፍ አበጣሪዎች ከሰፌዳችን ቀና ብለን «ሥራ የለንም» አልነው። ሁላችንም። ሠላሳ ዓመት ሲያበጥሩ የኖሩት እማማ ጥሩወርቅ እንኳ። እኛ ዘንድ ሥራ ማለት ደመወዝ ያለው ነው፤ ማበጠር ዝም ብሎ ማበጠር ነው።

ከዚያ ዕቅዱን ተናገረ። ከተመረጠ የጤፍ ማበጠሪያ ማሽን እንዲገባ ያደርጋል፤ ሥራ ያጡ ወጣቶች ተደራጅተው ይሠሩበታል። ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው የገባኝ። ማሽኑ ሲመጣ እኛስ?

ማክሰኞ

ለእማማ ነገርኳቸው። እኔስ ባል አለኝ፣ ትንሽ ጓሮም አለችኝ። እሳቸው ግን ከሰፌዳቸው በቀር ማንም የላቸውም። እሱ ከቀረ ምን ይበላሉ?

ሊመሽ ሲል «ማሽኑ ሞጣ አለ ይላሉ፤ ሄደን እንየው» አሉኝ። በዚህ ዕድሜያቸው!

ረቡዕ

ሞጣ ደርሰን ተመለስን። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ እህል ነጋዴ አስገቡን። እማማ ድሮ ለአባታቸው ያበጥሩ ነበርና በክብር ነው የተቀበሉን። ማሽኑ ተነሣ። ጤፉ ከላይ ይገባል፣ ገለባው በጎን ይወጣል። እኛ ቀኑን ሙሉ የምንለፋበትን ሐጂ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ጨረሰው። እውነቱን ልጻፍና፣ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ወሽመጤም ተቆረጠ።

እማማ ከንጹሑ ጤፍ ቆንጥረው በመዳፋቸው አሹት። አንድ ጣሳ ለመኑ፤ ሐጂ ሁለት ሰጧቸው። እስከ ቢቸና ድረስ ጤፉን ከእቅፋቸው አላወረዱትም።

ዓርብ

ትናንት ገበያ ስለነበር አልጻፍኩም። እሑድ ዕጩዎቹ በቀበሌው አዳራሽ ይናገራሉ፤ እማማም እንሄዳለን ብለዋል። የሚያስፈልገን፦ ሰፌድ፣ ቁና፣ የሞጣው ጤፍ፣ ነጭ ነጠላ፣ ድፍረት። የመጨረሻው በእኔ በኩል የለም።

እሑድ



አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አንደኛው ዕጩ ስለ መንገድና ስለ ባጃጅ ተራ ተናገረ። ይበልጣል ማሽኑን ደገመው። ጥያቄ ያለው ሲባል እማማ ተነሡ። ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ የሞጣውን ጤፍ ሰፌድ ላይ አፈሰሱና ማንገዋለል ጀመሩ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አበጥሬያለሁ። አይቻቸው አላውቅም ነበር። ዛሬ አየኋቸው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚሰማው የጤፉ ሽው ሽው ብቻ ነበር። ጤፉ እየተንሸራተተ ቁናው ውስጥ ወረደ፤ ሰፌዱ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ቀረ። በአውራ ጣታቸው ጠርገው ነጩ ነጠላ ላይ አኖሩት። ይበልጣል መጥቶ ቆንጥሮ ቀመሰው። ጥርሱ ላይ ቀጭ ሲል የፊት ወንበር የተቀመጥነው ሰማን። አሸዋ ነው።

እማማም፣ «ይህ የሞጣው ማሽን ያበጠረው ነው። ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ገለባውን ያወጣል። አሸዋውን ግን ጤፍ መስሎት ያሳልፈዋል። ይምጣ ልጄ፣ ብቻ እኛን ሳታይ አታምጣው» አሉት።

ልጁ ቀላ። መዝገቡን ገለጠና፣ «እማማ፣ ሰኞ ዕለት ሥራ የለኝም ብለውኝ ነበርኮ» አላቸው።

«ዋሽቼሃለሁ። አለኝ። ጻፍ።»

ጻፈ። ከዚያ ለሕዝቡ፣ ማሽኑ ከገባ አበጣሪዎቹም ከወጣቶቹ ጋር ይደራጁበታል፣ የመጨረሻው ማጥራት በሰፌድ ይሆናል አለ። የዕጩ ቃል ነው። መመረጡን፣ ከተመረጠም ማስታወሱን እግዜር ይወቀው።

ስንወጣ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዳችንን እንደገና ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ መዝገቡን ተቀብዬ «የለም» የሚለውን ሰረዝኩና ራሴ ጻፍኩት፦ ጤፍ አበጣሪ። ፊደሉ ትንሽ ተንጋደደብኝ።