ግርጌው የተቆረጠው ፎቶ

ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ፤ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከመነጫነጩ በቀር ምንም አልሆንኩም። እናትሽም ደህና ናት። አሁን ገበያ ወጥታለች፤ እሷ እስክትመለስ ነው ይህን የማስጽፈው። የምትጽፍልኝ የታችኛው ቤት ልብስ ሰፊ ናት። የምልሽን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ፤ እሷ ግን እንደ ጨርቁ ቃሌንም ካላሳጠርኩ ትላለች።

ካለሽበት አገር የላክሽልኝን የጃፓኖቹን የጥንት ግንብ ፎቶ ተቀብያለሁ። ከጀርባው «አባዬ፣ እንደ ድሮው ፍረድልኝ» ብለሻል አሉኝ። ፊደል ባልቆጥርም አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ፊት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ እፈርዳለሁ። ቅር ቢልሽ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ደህናውን ልናገር። ግንቡን መሐል ላይ አልተከልሽውም፤ ወደ ግራ ገፋ አድርገሽ ለሐይቁ ቦታ ለቀሽለታል። ደግ አደረግሽ፤ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም የመታወቂያ ፎቶ ነው። ጣሪያዎቹ ጫፍ ጫፋቸውን ቀልበስ አድርገው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ አንዱንም የፎቶው ጠርዝ አልነካብሽም። ነጩ ግድግዳ ከደመናው ጋር አልተምታታም። ይህን እኔ ያስተማርኩት ሰው ካልሆነ ማንም አያደርገውም።

አሁን ጥፋቱን። ከግንቡ በስተቀኝ፣ ሜዳው ላይ፣ ነጭ ጃንጥላ የያዘች ሴት ቆማለች። ከኋላዋ ሐይቁ ርቆ ሄዶ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት መሥመር ወገቧ ላይ ያልፋል። ቆሞ የሚያነሳ ሰው ቢሆን መሥመሩ ዓይኗ ላይ ነበር የሚያልፈው፤ ይህን ገና በልጅነትሽ አሳይቼሻለሁ። አንቺ ደግሞ አጭር አይደለሽም፤ እናትሽን በጭንቅላት ትበልጫታለሽ። ካሜራው የነበረው በሴትዮዋ ወገብ ልክ ነው።

ልብስ ሰፊዋ «ቁጢጥ ብላ ይሆናላ አባባ፤ የዛሬ ልጆች ተኝተውም ያነሳሉ» አለችኝ። ሣጥኑን አስወረድኳትና ካለፈው ክረምት ወዲህ የላክሻቸውን አወጣሁ። የድልድዩን፣ የጫማ ሱቁን፣ የአበባ ዛፎቹን። ሁሉም ከዚያው ከፍታ ነው። ሰው ለአንድ ፎቶ ቁጢጥ ይላል። ለስድስት ወር ቁጢጥ አይልም።

ልብስ ሰፊዋ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። አንሺውና ጻፊ አልኳት።

ሌላው ወረቀቱ ነው። የፎቶ ወረቀት ልኩን ጣቴ ያውቀዋል። ወርዱ ልክ ነው፤ ቁመቱ ግን ሁለት ጣት ይጎድላል። ግርጌውን በመቀስ ቆርጠሽዋል። ፀሐይዋ ከጀርባሽ ነበረች፤ ያቺ ሴትዮ ፊቷን አጨፍግጋለች። እንግዲህ ጥላሽ ከፊትሽ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ጥላ ከገባ ቁረጪው ብዬ ያስተማርኩሽም እኔው ነኝ፤ የደንበኛ ፎቶ በጥላሽ ባበላሸሽ ቁጥር ጆሮሽን ቆንጥጬሻለሁ። ነገር ግን ማዕዘኑ ላይ እጅሽ ቸኩሏል። ግማሽ ክብ ጥላ ተርፏል፤ ውስጡ እንደ ክር የቀጠኑ መሥመሮች አሉት።

እናትሽ እሱን አይታ ደስ አላት። ልጄ ብስክሌት ገዛች ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች፤ ፎቶውንም ከመስታወቱ አጠገብ ሰቀለችው። ብስክሌት ላይ የወጣ ሰው ከቆመ ሰው እኩል ያያል እንጂ ከወገብ አያይም። ከወገብ የሚያየው ባለ ጎማ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። ይህን አልነገርኳትም።

ስልክ ስንደውል «ደህና ነኝ አባዬ» ትዪኛለሽ፤ ሌላ ነገር ሳልጠይቅሽ እናትሽ ስልኩን ትነጥቀኛለች። እሷ ዞር ባለች ቁጥር ፎቶውን አውርጄ በማጉያ መነጽር አያለሁ። የት ነበርሽ? ማን አጠገብሽ ነበር? ስድስት ወር ሙሉ እኔ ስለ ጉልበቴ ሳወራልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር።

ፍርዴ ይኸውልሽ። ከፍታውን ጥፋት ያልኩት ስሕተቴ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልሰርዘው ወይ ብትለኝ ተይው፣ ይታይ ብያታለሁ። ቆመሽ ብታነሺው የድንጋዩ መሠረት እንዲህ አይከብድም፤ ጣሪያዎቹም እንዲህ አይርቁም ነበር። ከዚያ ቦታ እንዲህ ማየት እኔ አልችልበትም። ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ ብቻ ነው ያነሳሁት።

ያጠፋሽው መቀሱ ላይ ነው። ከእንግዲህ ወረቀቱን ሙሉውን ላኪልኝ። ጥላሽ ይግባበት። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ፣ የፈቀድኩልሽም እኔ ነኝ። መንገዱ ዳገት ሲሆንብሽ ማን እንደሚያግዝሽም ጻፊልኝ፤ ስሙንና ጠባዩን።

እናትሽ ደረጃው ላይ ናት፤ ኮቴዋ ይሰማኛል። ለእሷ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ ከእኔ አፍ አይወጣም። እስከዚያው ግን ብስክሌት ነው። ደወሉ ይሠራል ወይ ብላ ብትጠይቀኝ ይሠራል እላታለሁ።

ያለሽበት ይመችሽ፤ የምታልፊበት መንገድ ይለስልስልሽ። ደግ ሰው አያሳጣሽ፤ ክንድሽ አይዛል።

ፍረድልኝ ያልሽው አባትሽ