የጫንጮዋ ነቃሽ እጅ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሱሉልታ

ቅቤዬ በሰላም ገባ። ጠዋት ከጫንጮ ጭነን ስንመጣ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተዋል፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ቁጣ ገና አልበረደም። ከፊታችን አንድ አይሱዙ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ሹፌሩ፣ «እትዬ፣ ነጠላዎን አንገትዎ ላይ ይጠምጥሙት፤ ንቅሳቱን ካዩ የሰሜን መጤ ናት ይላሉ» አለኝ። እኔ ግን የተነቀስኩት እዚያው ጫንጮ ገበያ ነው። በልጅነቴ የአንገት ድሪ መግዛት ያልቻለ ቤት ለሴት ልጁ ድሪውን በመርፌና በጥላሸት ያስነቅስላት ነበር። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወረድኩ።

አንዲት አሮጊት ከወጣቶቹ መሐል ወጥተው አንገቴን በጣታቸው ነኩ። የእሳቸውም አንገት እንደኔው ሦስት መስመር አለው፤ የሁለታችንም የታችኛው መስመር በግራ በኩል ጎበጥ ይላል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺንም ያቺ ግራኝ ናት የነቀሰችሽ?»

«እሷው ናት፣ አዴ፣ እናቴ። ሳለቅስ በጥፊ መታኛለች።»

«እኔን ሁለቴ።» ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «የገበያችን ልጅ ናት። አንሱት ይሄን ድንጋይ።»

አነሱት። አሮጊቷ ጋቢና ገብተው ሸኙን፤ መንገድ በተዘጋበት ሁሉ ሁለታችንም አንገታችንን እያሳየን አለፍን።

ሱሉልታ ስንደርስ ሹፌሩ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «አዴ፣ ስመለስ እንዲያሳልፉኝ እኔንስ ማን ይንቀሰኝ?»

«ግራኟ ሞታለች» አሉት። «አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»