ከባሕር ማዶ የመጣችው የገና ዱላ

ይድረስ ይፋግ ላሉት ለአባቴ ለቄስ መርሻ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኛ በደብረ ታቦር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ገብሱም ገብቶልናል።

ባለቤቴ ፓትሪክ ጢሙ ሸብቶም ከጎረምሶች ጋራ ሩር መለጋት አልተወም። ዘንድሮ በገና ጨዋታ ላይ ያቺ ከልጅነቱ የያዛት፣ ገናን የሚመስል ጨዋታ ካለበት ከአገሩ ከአየርላንድ ያመጣት ዱላ ተሰበረችበት። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ነጋዴዎቹን ወደ ባሕሩ፣ ወደ አገሩ የሚወስደውን የምጥዋን መንገድ ሲጠይቅ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የበቅሎዋ ልጓም ቢጠፋበት፣ ምንም ሳይነግረኝ በእግሩ ወጣ።

ሲመሻሽ ከጉና ተራራ ግርጌ የወይራ ግንድ ተሸክሞ መጣ።

«እስኪደርቅ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ ዱላ አድርጌ እጠርበዋለሁ» አለኝ።

ልጓሙም ዛሬ ከገብሱ ጎታ ሥር ተገኘ። ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ የሸሸገ መቼ ያጣዋል።

በጸሎትዎ አይርሱኝ፤ ይፍቱኝም፣ አባቴ።

ልጅዎ ውድነሽ