የሺ አለችልኝ

እሑድ፣ ጥር 17፣ ደባርቅ

ዛሬ ኮንሰርት ገባሁ። ለሙዚቃው ብዬ አይደለም፤ ዘፋኙን ላየው ነው። ባለቤቴ የሺ ባለፈው እሑድ ዳባት እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ይኸንኑ ዘፋኝ ብቻዋን አይታ መጣች። «በስሜ ገጠመልኝ» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታንጎራጉር ሰነበተች፦

የስሜኑ ውርጭ አይነካኝም ዘንድሮ፤
የሺ አለችልኝ ንቅሳቷ አምሮ።

ዘፋኝ ለአንድ ሰው እንዲገጥም፣ አጠገቡ የተቀመጠው ስሙን ለዘፋኙ ሹክ ይላል። ወጉ ይኸው ነው። «ታዲያ ማን ሹክ አለው?» ስላት «እኔ ምን አውቄ» አለችኝ።

ዝግጅቱ እንኳ ዝግጅት አይባልም። ስምንት ሰዓት ያሉት አሥር ሰዓት ተጀመረ። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል፣ ማሲንቆው ጭራሽ አይሰማም። ሰውየው ግን ድምፅ አለው፤ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ ከመድረክ ወረደና አንገቷን የተነቀሰች ሴት ፊት ቆሞ ያንኑ ስንኝ ለቀቀው። ለካ በየከተማው የሚያዞረው ኖሯል! በዚህ አገር ንቅሳት ያላት ሴት መች ጠፍታ። ሸክም የወረደልኝ ያህል ቅልል አለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ለየሺ ነገርኳት። ትከፋለች ብዬ ነበር። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «እሷንም በስሟ ጠራት?» አለችኝ።

«የለም፣ ‹ዓለሜ አለችልኝ› ነው ያለው።»

ፈገግ ብላ ወደ ሽንኩርቷ አቀረቀረችና ማንጎራጎር ጀመረች።